የሐሮማያን ውሃ ማን ጠጣው?

የሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ወሬው ሁሉ ስለ ጫት ነበር። ጫት ጠጣው፣ ፓምፕ ጨረሰው ተባለ። ውሸት አይደለም። ግን ነገሩ ከፓምፑ በፊት ይጀምራል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ጀጎል ሲባል ሁላችንም ግንቡንና አምስቱን በሮች እናስባለን። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳጠሩት ግንብ የከበበው 48 ሔክታር ያህል ቢሆን ነው። ከተማዋ የምትኖረው ግን ከግንቡ ውጪ ባለው መሬት ነበር። ጠዋት በሮቹ ሲከፈቱ ሐረሪው ወደ ቡናውና ወደ ጫቱ ይወጣል፣ የኦሮሞ ገበሬ እህልና ማገዶ ይዞ ይገባል። በ1847 የደረሰው እንግሊዛዊው በርተን ስለ ቡናዋ ጽፏል። ይህን ኑሮ ማሳመር አልፈልግም፤ ብዙው አራሽ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። በ1879 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ደግሞ የነፍጠኛው ድርሻ ተጨመረበት።

በ1967 የካቲት ላይ ደርግ የገጠር መሬትን አወጀ። ለጭሰኛው ፍትሕ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ለጀጎል ሰው ግን የእርሻው ገመድ የተበጠሰበት ቀን ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ትርፍ ቤትም ተወረሰ። ብዙ ሐረሪ ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ አገር ተሰደደ።

ገበሬውስ? መሬቱ የእሱ ሆነ፣ መሸጥ ግን አይችልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና። ልጆች ሲበዙ ማሳው ይቆራረሳል። ከቁራሽ መሬት ብዙ ገንዘብ የሚያወጣለት ጫት ነው፤ በበጋ ካጠጡት ደግሞ ዋጋው ይወደዳል። መሬት መጨመር ያልቻለ ሰው የሚጨምረው ውሃ ነው። ሐይቁ ዳር ፓምፕ ለተከለ ሰው ውሃው በነጻ ነበር። ተራራው ተራቁቶ ደለሉ ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር። የሐረር ከተማ፣ የሐሮማያ ከተማና ዩኒቨርሲቲውም ከዚያው ይቀዱ ነበር።

እኔ ዋናው ነው የምለው እዚህ ላይ ነው። ሐረርና ሐሮማያ ድሮ በአንድ ሐረርጌ ሥር ነበሩ። ክልሎች ሲዋቀሩ ቧንቧው ሐረሪ ክልል፣ ሐይቁና ተራራው ኦሮሚያ ሆኑ። የሚጠጣው ከተማ በተራራው ላይ ሥልጣን የለውም፤ ተራራውን የሚያስተዳድረው ወረዳ ስለ ሐረር ጥም የሚጠየቅበት መንገድ የለም። እያንዳንዱ የየራሱን ዕቅድ አወጣ፤ ሐይቁ ግን አንድ ነበር።

በ1997 ገደማ አልቆ ደረቀ። ሰው መሐል ሐይቁ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጫቱን አጠጣ። በ1998 ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የቅርሱ ባለቤቶች ጀሪካን ተሸክመው ውሃ ይፈልጉ ነበር። መፍትሔ የተባለው በድሬዳዋ በኩል ጉድጓድ ቆፍሮ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ መግፋት ሆነ። መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይጠፋል፤ የሐረር እናቶች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሐሮማያ ውሃ መልሷል። ዝናቡም ረዳ፣ እርከን መሥራቱም፣ ከተማዋ ከሐይቁ መቅዳት ማቆሟም። ሰው ፎቶ እየተነሳበት ነው። አሁን በዙሪያው ስንት ፓምፕ መቆም እንዳለበት ሁለቱ ክልሎች አንድ ላይ ተቀምጠው ይወስናሉ ወይስ እንደ በፊቱ ሁሉም በየራሱ ይቀዳል?