በር ጠባቂ ለመሆን የፈለገው እንግዳ፦ የጨዋታ ኮንሶልና የሳሎን ቴሌቪዥን



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ በታሪክ ትምህርት ክፍል አዳራሽ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አይደለም። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ድንበርና ስለ ውል ስንናገር ለኖርን ሰዎች፣ የልጆች መጫወቻ የሚመስል ዕቃ የታሪክ ጉዳይ ነው ማለት ድፍረት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የምናገረው ስለ በር ነው። በሩን ማን ይጠብቃል፣ ቁልፉስ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ለታሪክ ተማሪ እንግዳ አይደለም።

ሜይ 21 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት በዋሽንግተን ግዛት፣ ሬድመንድ በሚገኘው ግቢው ድንኳን አስተክሎ ጋዜጠኞችን ጠራ፤ ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን ኮንሶልም አስተዋወቀ። ታዳሚው ጨዋታ ለማየት ጓጉቶ ነበር። የኩባንያው ኃላፊ ዩሱፍ መህዲ ግን መድረክ ላይ ቆሞ መሣሪያውን በቃል እያዘዘ የቀጥታ ቴሌቪዥን ከፈተ፤ ከቴሌቪዥን ወደ ጨዋታ፣ ከጨዋታ ወደ ፊልም እየተሻገረ አሳየ። ስቲቨን ስፒልበርግ የሚሳተፍበት «ሄሎ» የተባለ ተከታታይ ድራማ እንደሚሠራና ከአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ጋር ስምምነት እንደተደረገም በዚያው መድረክ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ተናጋሪዎቹ «ቲቪ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደደጋገሙ የሚያሳይ ቪዲዮ ተቀነባብሮ መሳቂያ ሆነ።

አሠራሩን ላስረዳ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚያ ነውና። አሜሪካዊው ቤተሰብ ከኬብል ኩባንያው የተቀበለው ሳጥን ነበረው፤ እኛ ሪሲቨር የምንለው ዓይነት ነው። ቀድሞ ሳጥኑ በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይገናኝ ነበር። በአዲሱ ሐሳብ ግን የሳጥኑ የኤችዲኤምአይ ገመድ ከኮንሶሉ ጀርባ ባለው መግቢያ ይሰካል፤ ከኮንሶሉ ደግሞ ሌላ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። ስለዚህ ዜናው፣ ኳሱ፣ ድራማው ሁሉ በኮንሶሉ ሆድ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ቻናል ለመቀየር ተመልካቹ ይናገራል። ኪኔክት የተባለው ካሜራና ማይክሮፎን ቃሉን ይሰማና በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ይለቃል፤ ብርሃኑ ከግድግዳ እየነጠረ ሳጥኑ ዘንድ ይደርሳል። ሳጥኑም የገዛ ሪሞቱ ያዘዘው መስሎት ይታዘዛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በዘመኑ እጅግ ረቂቅ ከሚባሉት የቤት ውስጥ መሣሪያዎች አንዱ፣ ተራ ሪሞት መስሎ በመቅረብ ነበር ቴሌቪዥንን የሚያዘው። ትእዛዙ መፈጸሙን እንኳ የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም፤ የኢንፍራሬድ መልእክት ሄዶ የሚቀር እንጂ መልስ ይዞ የሚመለስ አይደለምና። ሳጥኑ የቀዳቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝርም አያውቅም ነበር። በሩ ላይ ቆሟል፣ ቁልፉ ግን በእጁ የለም።

ይህ አቋም ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ራልፍ ቤር የተባለው መሐንዲስ በ1966 እ.ኤ.አ. የቴሌቪዥን ጨዋታን ሐሳብ በወረቀት ሲያሰፍር የተነሣው፣ በየቤቱ የተቀመጠው ቴሌቪዥን ጣቢያ ከማሳየት ሌላ ምን ሊሠራ ይችላል ከሚል ጥያቄ ነበር። ከዚያ ሥራ የተወለደው ማግናቮክስ ኦዲሲ በ1972 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ ከቴሌቪዥኑ የአንቴና መግቢያ ጋር በማብሪያ ማጥፊያ በሚመስል መቀያየሪያ ይያያዝ ነበር። መቀያየሪያውን ወደ አንድ ወገን ሲገፉት ስርጭቱ ይመጣል፤ ወደ ሌላው ሲገፉት ስርጭቱ ይቋረጥና ጨዋታው በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቻናል ይታያል። የመጀመሪያው ኮንሶል ለቴሌቪዥኑ ራሱን ያስተዋወቀው እንደ ሐሰተኛ ጣቢያ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር ልጨምር፦ ቤርና ባልደረቦቹ በ1968 እ.ኤ.አ. አስቀድመው የተነጋገሩት ቴሌፕሮምፕተር ከተባለ የኬብል ኩባንያ ጋር ነው። ንግግሩ ፍሬ አላፈራም። ኮንሶል ገና ሳይወለድ ግን የኬብሉን ደጅ ጠንቷል።

በመካከል ያሉትን ሙከራዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ሶኒ በ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፒኤስኤክስ የተባለ፣ ኮንሶልንና የቴሌቪዥን መቅጃን ያጣመረ መሣሪያ በጃፓን ብቻ ሸጠ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፕሌይቲቪ የሚባል መቀበያ ለአውሮፓ አቀረበ። ሁለቱም ብዙ አልዘለቁም፤ ነገር ግን ከኤክስቦክስ ዋን የሚለያቸው አንድ ነገር አለ። ፕሌይቲቪ በአየር ላይ በነጻ የሚለቀቀውን ስርጭት በራሱ መቀበያ ይይዝ ስለነበር የማንንም ሳጥን አይለምንም ነበር።

ስለ ኤክስቦክስ ዋን ውድቀት የተለመደው ማብራሪያ ሁለት ምክንያቶችን ያነሣል። ተጫዋቾች ተናቅን ብለው ተቆጡ፤ ዋጋው 499 ዶላር ሆኖ የተፎካካሪው ፕሌይስቴሽን 4 ግን 399 ዶላር ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው። በዚያው በጁን ወር የኤድዋርድ ስኖውደን ምስጢሮች መውጣት ሲጀምሩ፣ ሳሎን ውስጥ ሁልጊዜ የሚያዳምጥ ማይክሮፎን መኖሩ ሥጋት እንዳሳደረም መዘንጋት የለበትም። እኔ ግን ዋጋው ቢቀንስ፣ ተጫዋቹም ባይቀየም፣ የቴሌቪዥኑ ሐሳብ ይሳካ ነበር ብዬ አላምንም። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ይፋ ባደረገው መረጃ ከክፍያ ቴሌቪዥን ደንበኞች 99 በመቶው ሳጥኑን ከአገልግሎት ሰጪያቸው ይከራዩ ነበር፤ አንድ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 231 ዶላር ለኪራይ ያወጣ ነበር። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ደንበኛው መቀበያውን ከገበያ የመግዛት አማራጭ እንዲኖረው አዝዞ ነበር፤ ሃያ ዓመት አልፎም ሕጉ ከወረቀት ብዙም አልራቀም። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ቶም ዊለር ሳጥኑን ለሌሎች አምራቾች ለማስከፈት ያቀረቡት ሐሳብም በዚያው ዓመት የመጨረሻ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ኤክስቦክስ ዋን ሊያልፈው የሞከረው ግንብ ይህ ነበር፤ የያዘው መሣሪያ ደግሞ ከግድግዳ የሚነጥር ብርሃን ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ በአንድ ዘመዴ ቤት ሰንብቼ ነበር። በሳሎኑ ይህን የመሰለ የጨዋታ መሣሪያ ተቀምጧል፤ የኬብሉ ሳጥን በእርሱ በኩል ያልፋል፤ ትንሹ ልጅ በእንግሊዝኛ ያዘዋል። የአማርኛው ጣቢያ ግን የሚመጣው ሰገነቱ ላይ በተተከለው ዲሽ ነበር፤ የዲሹ ሪሲቨር ለብቻው በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያይዟል፤ የመሣሪያው መግቢያ አንድ ብቻ ነውና። ማታ ማታ አያትየው ከእምነበረድ ጠረጴዛው ላይ የዲሹን ሪሞት ያነሣሉ። ልጁ «እማማ፣ ቆይ ጨዋታዬን ላስቀምጥ!» እያለ ሲለምን፣ እርሳቸው «ዜናው አይጠብቀኝም ልጄ» ብለው ቁልፉን ይጫናሉ፤ መሣሪያው ከነጨዋታው፣ ከነኬብሉ ከስክሪኑ ይጠፋል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የመዘገብሁት የዚያን ምሽት ነው፦ «ሁሉን በአንድ» የሚለው ሐሳብ አንድ ቋንቋና አንድ ሳጥን ያለውን ቤት አስቦ የተነደፈ መሆኑን።

የኋላው ታሪክ አጭር ነው። ጁን 9 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ኪኔክት የሌለው ኤክስቦክስ ዋን በ399 ዶላር ለገበያ ቀረበ፤ በቃል የሚያዘው ተመልካችና ብርሃን የሚለቀው ዓይን አብረው ከሣጥኑ ወጡ። በቀጣዩ ወር ድራማ እንዲሠራ የተቋቋመው ክፍል እንደሚዘጋ ተነገረ። ሶኒ በበኩሉ ሳጥኑን ጨርሶ ትቶ በኢንተርኔት የሚመጣ ፕሌይስቴሽን ቪው የተባለ የቀጥታ ቴሌቪዥን አገልግሎት በማርች 2015 እ.ኤ.አ. ጀመረ፤ መንገዱ የተሻለ ነበር፣ ግን የጣቢያዎቹን ክፍያ መሸከም ከባድ ሆነና ጃንዋሪ 30 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የወጣው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ጀርባው ላይ የኤችዲኤምአይ መውጫ ብቻ አለው፤ መግቢያ የለውም። ያ በድንኳኑ ውስጥ የታወጀው ድራማም በመጨረሻ ለተመልካች ቀረበ፤ ማርች 2022 እ.ኤ.አ.፣ ፓራማውንት ፕላስ በተባለው፣ የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ባለቤት በሆነው ኩባንያ አገልግሎት ላይ።