ጓዳና መንግሥት

ታሪካችን ስለ ዙፋንና ስለ ዘመቻ ብዙ ጽፏል፤ ስለ ጓዳ የጻፈው ግን ጥቂት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ ለበጅሮንድ ሙሉጌታ የሰጧቸው ሹመት ገንዘብንና ጓዳን በአንድነት የያዘ ነበር። ለዛሬ ጆሮ ሁለቱ ቃላት አብረው መጠራታቸው ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። በዚያ ዘመን ግን ነገሩ አንድ ነበር፤ የመንግሥት ሀብት በአብዛኛው የሚቆጠር ብር ሳይሆን የሚሰፈር እህል፣ የሚመዘን ማርና የሚነዳ ከብት ነበርና።

የግቢው ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር አይከማችም ነበር። ግምጃ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሥጋ ቤት እየተባለ እያንዳንዱ የየራሱ አለቃና ሠራተኛ ነበረው። የግብሩን መሰናዶ አዛዡ ሲቆጣጠር የግምጃ ቤቱ ኃላፊነት የበጅሮንዱ ነበር። ሥራው ዕቃ ከመደርደር እጅግ ይሰፋል። ማሩ ቀድሞ ካልተጣለ ጠጁ ለበዓል አይደርስም፤ እህሉ ቀድሞ ካልተፈጨ እንጀራው አይጋገርም። በአዳራሹ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየማዕረጉ፣ በየተራው ገብቶ ሲበላ መኳንንቱ የሚያዩት የንጉሡን ልግስና ነው። ጓዳ ያለው ሰው የሚያየው ግን የጎደለውን ቁናና የሚቀጥለው ግብር እስኪገባ የቀረውን ቀን ነው።

የጎደለው የሚሞላው ደግሞ ከገበያ ብቻ አልነበረም። መሬቱ ራሱ እንደ ጓዳ መደርደሪያ ተከፋፍሎ ነበር። የማድ ቤት መሬት ምርቱ ለቤተ መንግሥት ማእድ የሚውል ነው፤ የገንደበል ባለመሬት የንጉሡን ስንቅና ጓዝ ያጓጉዛል፤ የባልደራስ መሬት ለመንግሥት ፈረስና በቅሎ፣ የወረገኑ መሬት ደግሞ ለመንግሥት ከብት የተመደበ ነበር። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፋቸው ይህን የመሰለውን ሥርዓት ባይመዘግቡልን ኖሮ፣ አንድ እንጀራ ከማሳ ተነሥቶ ንጉሡ ገበታ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ለማወቅ ብዙ በተቸገርን ነበር።

የመንግሥት ጎተራ ባዶ ሲሆን ግን የገበሬው ጓዳ የመንግሥት ጎተራ ይሆናል። ደመወዝ የሌለው ወታደር በየባላገሩ ቤት ይመራል፤ የተመራበትም ቤት ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ለፈረሱም ገፈራ ያቀርባል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የከብት በሽታ ገብቶ በሬው ሲያልቅ፣ ማሳው ጦም ሲያድር፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ አገሩን ሲመታ፣ ይህ ሸክም ከማይቻልበት ደረጃ ደረሰ። ለራሱ የሚቀምሰው ያጣ ሰው ምን አብልቶ ወታደር ያስተናግዳል? እ.ኤ.አ. በ1892 ምኒልክ አሥራትን የደነገጉት ከዚህ በኋላ ነው። ገበሬው ከምርቱ ከዐሥር አንዱን ለመንግሥት ጎተራ ያስገባል፤ ወታደሩም ከጎተራው ቀለቡን ይሰፈርለታል እንጂ የሰው ጓዳ አይበረብርም ተባለ። ሐሳቡ በመሠረቱ የጓዳ ሥርዓት ነው፤ የሚገባው ይታወቅ፣ የሚወጣው ይሰፈር፣ ቁልፉ በአንድ እጅ ይሁን ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያስቸግራል። ገበሬውን ከወታደር ለማስጣል የመጣው አሥራት እ.ኤ.አ. በ1967 በእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካ ድረስ ሰባ አምስት ዓመት በዚያው ገበሬ ትከሻ ላይ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ወታደሩ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ገንዘብና ጓዳም ተለያዩ። የማድ ቤቱ መሬትም ቢሆን የኋላ ኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ከሌላው ርስት ጋር አብሮ ታሪክ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መካከል ስማቸው ያልተመዘገበ ብዙዎች አሉ። በወፍጮ ድንጋይ ላይ አጎንብሰው ሌሊቱን ሲፈጩ ያደሩ ሴቶች፣ ውሃ ቀጂዎችና እንጨት ለቃሚዎች፣ ከእነርሱም መካከል በባርነት ተይዘው የመጡ፣ ያንን አዳራሽ ያጠገቡት እነርሱ ናቸው። የግብሩን ግርማ ያደነቁ እንግዶች ስለ ጠጁና ስለ ብርንዶው በሰፊው ጽፈውልናል። ጠጁን የጣለችውን ሴት ስም የጻፈልን ግን የለም።

የዛሬው የገንዘብ ሚኒስቴር «ጓዳ» የሚለውን ቃል ከስሙ ከጣለ ቆይቷል። የአገር ጎተራ በማን ላብ ይሞላል፣ ሲጎድልስ መጀመሪያ የሚበረበረው የማን ቤት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከስሙ ጋር አብሮ አልተጣለም።