«የሐበሻ ድመት» እና «ቀይ ቀበሮ»
በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ የተገናኙ የሁለት ስሞች ታሪክ

ውሻና ድመት የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ጥያቄ ያመራል፤ ይኸውም «አንተ የትኛውን ዘር ትመርጣለህ?» የሚለው ነው። አንዱ የጀርመኑን እረኛ ውሻ ታዛዥነት ያወድሳል፤ ሌላው የፐርሺያን ድመትን የጠጕር ርዝመት ያደንቃል። ይህን የመሰለ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሣ ተርጓሚ በላቲን ፊደል ተራ የተደረደረውን የድመት ዘሮች ዝርዝር ገልጦ ሲመለከት፥ ገና ከመነሻው የሚያገኘው የገዛ አገሩን ስም ነው፤ «አቢሲኒያን» የሚል ተጽፎ ያያል። እጁም ሳያመነታ «የሐበሻ ድመት» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ትርጉሙ ቃል በቃል ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው።

በአንጻሩ ደግሞ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፥ ከውሻ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው አንድ የዱር እንስሳ አለ። እርሱን ሕዝቡ «ቀይ ቀበሮ» ይለዋል፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስም ግን «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚል ፍች ያለው ነው። እንግዲህ አንዱ ስም የአገሩን ስም ተሸክሞ የአገሩ ያልሆነ እንስሳ ይጠራበታል፤ ሌላው የአገሩ የሆነውን እንስሳ እየጠራ ወገኑን ይሸፍናል። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ስሞች ታሪክ በአጭሩ መርምረን፥ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ተርጓሚዎች ሊከተሉት ይገባል የምንለውን አካሄድ ለማቅረብ እንወዳለን። የሁለቱም ታሪክ በአንድ አካባቢ ያልፋል። ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ የመቅደላ አምባ ይገኛል፤ በዚያው በቦረናና በሳይንት ምድር ደግሞ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የደንቆሮ ጫካና ከጫካው በላይ ያለው ውርጭ አለ።

፩. ድመቲቱና የመቅደላ ዘመቻ

እንደሚታወቀው በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት መጥቶ በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ በተባለው ስፍራ ወረደ። ጦሩ 13,000 ያህል ወታደር ነበረው። የተሰናዳውና በመርከብ የተጫነው በአብዛኛው ከሕንድ፥ ከቦምቤይ ሲሆን፥ ከባድ መድፎችን እንዲሸከሙ 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ ከዚያው መጥተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው በታሪክ የታወቀ ነው። የብራና መጻሕፍቱ፥ አክሊሎቹ፥ ጽዋዎቹና መስቀሎቹ ተዘረፉ፤ ልጅ ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ።

ከዚህ ሁሉ ምርኮ ጋር አንዲት ድመት ሄዳለች የሚለው ወሬ የተነሣው ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1874 ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጦርነቱ ሲያበቃ ከአቢሲኒያ መጣች የተባለችውን ድመት ከነሥዕሏ አወጣ። ስሟም «ዙላ» ይባል ነበር። ጦሩ የወረደበት ወደብ ስም ለድመቲቱ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1871 በለንደን በክሪስታል ፓላስ ታላቅ የድመት ትርኢት ተደርጎ ስለ ነበር፥ የድመት ወዳጆች ዘርን ከዘር መለየት፥ ለእያንዳንዱም ስምና መለኪያ ማውጣት የጀመሩበት ወቅት ነበር። የመቅደላ ወሬ በየጋዜጣው ገና ትኩስ ስለ ነበረ፥ ጠጕሯ እንደ ጥንቸል ጠጕር ከሥር እስከ ጫፍ በቀለም የተቈራረጠው ድመት «አቢሲኒያን» ተብላ ቀረች።

ሆኖም ከዙላ እስከ ዛሬዎቹ ድመቶች የሚያደርስ የተጻፈ የትውልድ ሐረግ የለም። ይልቁንም በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ቤተ መዘክር ውስጥ፥ ከመቅደላ ዘመቻ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተገዛ ተመሳሳይ ጠጕር ያለው ድመት ደርቆ ተቀምጧል፤ በላዩም ላይ አገሩ ሕንድ መሆኑ ተጽፎበታል። በቅርብ ጊዜ የተደረጉት የዘረመል ምርመራዎችም የዚህን ጠጕር መነሻ ከኢትዮጵያ ይልቅ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታሉ። ጦሩ ራሱ ከሕንድ የተነሣ እንደ ነበረ ስናስታውስ፥ ዙላ በእርግጥ በመርከብ መጥታ ከሆነ፥ ከሐበሻ ምድር የያዘችው ስሟን ብቻ ሊሆን እንደሚችል እንረዳለን። ዘሩን ለይተው ያረቡት እንግሊዞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የድመት የዘረመል ቅደም ተከተል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም የተመረመረችው «ሲናሞን» የተባለች የአሜሪካ ድመት ከዚሁ ዘር ነበረች። ስለዚህም በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ «አቢሲኒያን» የሚለው ስም ከተርጓሚዎች ጋር ደጋግሞ ይገናኛል።

እንዲህ ያለው የስም አወጣጥ በዚች ድመት ብቻ የተፈጸመ አይደለም። «ግሬት ዴን» የተባለው ግዙፍ ውሻ በእንግሊዝኛ ስሙ ዴንማርካዊ ሲሆን፥ ያረቡት ግን ጀርመኖች ናቸው። «አውስትራሊያን ሼፐርድ» የተባለውም ዘሩ ተለይቶ የወጣው በአሜሪካ ነው።

፪. «የሐበሻ» ሲባል ምን ይሰማል?

በአማርኛ የቦታ ስም ከእንስሳ ስም ጋር ሲቀናጅ አድማጩ እንስሳው የዚያ ቦታ መሆኑን ይረዳል። «የመንዝ በግ» ሲባል በጉ የመንዝ ነው፤ «የወሎ በግ» ሲባልም የወሎ ነው። «የሐበሻ» የሚለው ቅጽል ደግሞ ከዚህ የተለየ ሥራ አለው። የሐበሻ ዶሮ፥ የሐበሻ ጎመን ስንል በዘር መዝገብ ላይ ስለ ሰፈረ አንድ ዓይነት መናገራችን አይደለም፤ ከፈረንጁ ለይተን፥ በየቤቱ ያለውን፥ ማንም የሚያውቀውን ማለታችን ነው። እንዲሁም «የሐበሻ ውሻ» ሲባል ባለ ጥቍር ምላስም ሆነ ባለ ቀይ ጠጕር በየደጁ የሚጮኸው ውሻ ሁሉ ነው።

እንግዲህ «የሐበሻ ድመት» የሚለውን ትርጉም በመካነ ሰላም ያለ አንባቢ ቢያነብ፥ በዓይነ ሕሊናው የምትታየው በምድጃው አጠገብ ተኰራምታ የምትተኛው፥ «ውሮ» ብሎ የሚጠራት፥ ከጐተራው አይጥ የምታድነው ዥንጉርጉር ድመቱ ናት። ስለ እርስዋ የሚነገረው ዋጋና የትውልድ መዝገብ ግራ ያጋባዋል። ከዚህም በላይ፥ አንድ ያልተረጋገጠ ወሬ በተርጓሚው እጅ ታሪክ ሆኖ ይጸድቃል። መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ከመቅደላ መወሰዳቸው ማስረጃ ያለው እውነት ነው፤ እስከ ዛሬም የማስመለስ ጥያቄ ይቀርብበታል። በዚህ እውነት አጠገብ ማስረጃ የሌለውን የድመት ወሬ ማኖር የእውነቱን ክብደት ያቀለዋል። ስለዚህ «አቢሲኒያን» የሚለውን ስም እንዳለ በፊደላችን ጽፎ፥ «የድመት ዘር» የሚለውን ማብራሪያ ማከል ይሻላል እንላለን።

፫. የቀይ ቀበሮ ስም

ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ከስሜን ተራሮች ያገኘውን እንስሳ ለሳይንስ ካስታወቀ ወዲህ፥ እንስሳው በላቲን «ካኒስ ሲሜንሲስ» እየተባለ ይጠራል። «ካኒስ» ውሻ ማለት ሲሆን «ሲሜንሲስ» የስሜን ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ግን በስሙ ሳይስማሙ ኖረዋል። አንዱ «የስሜን ቀበሮ» ሲለው፥ ሌላው «የአቢሲኒያ ተኩላ» ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የዘረመል ጥናት እንስሳው ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ወደ ግራጫው ተኩላ እንደሚቀርብ ስላሳየ፥ «ተኩላ» የሚለው በእንግሊዝኛው ጸና።

ታዲያ አማርኛውም «የኢትዮጵያ ተኩላ» ይባል? በአስተያየታችን አይገባም። «ቀበሮ» እና «ተኩላ» የሚሉት ቃላት በአማርኛ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። በማቴዎስ ወንጌል አማርኛ ትርጉም በምዕራፍ 7 ተኩላ ነጣቂ ሆኖ ይቀርባል፤ በምዕራፍ 8 ደግሞ ቀበሮ ጉድጓድ ያለው ሆኖ ይጠቀሳል። በአገራችን ሰው አነጋገር ተኩላ በመንጋ እያደነ ከብት የሚጨርስ አውሬ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን ምንም እንኳ በቡድን ቢኖር፥ የሚያድነው ለየብቻው ነው፤ ምግቡም በአብዛኛው በጓሳውና በጅብራው መካከል የሚገኘው አይጥና ፍልፈል ነው። አልፎ አልፎ ግልገል ሊወስድ ይችላል፤ የበግ መንጋ የሚያጠፋ አውሬ ግን አይደለም። በደንቆሮ አፋፍ በግ የሚጠብቅ እረኛ «በዚህ ያለው ተኩላ ነው» ቢባል ዱላውን ማንሣቱ አይቀርም። በዓለም ላይ የቀሩት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው ተብሎ ስለሚገመት፥ የስም ለውጥ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ስሙ የሕዝቡ ስም ሆኖ ይቀጥል፤ ወገኑን የሚነግረው የመዝገበ ቃላቱ ፍች ይሁን።

፬. ዘር፣ ዝርያ፣ ዲቃላ

ከሁሉ የከፋው ችግር የሚገኘው በስሞቹ ሳይሆን በጠቅላላ ቃላቱ ነው። የደጋው አማርኛ ውሻን የሚለየው በሥራውና በዕድሜው ነው፤ አዳኝ ውሻ፥ የቤት ውሻ፥ ቡችላ ይላል። ለፈረስና ለከብት ዳማ፥ ቦራ፥ ቡላ እያለ መልክን ይለያል። በትውልድ መዝገብ የተለየ የውሻ ወይም የድመት ዘር የሚባል ነገር ስላልነበረው ግን ቃሉንም አልፈለገውም። ዛሬ የምንጠቀምባቸው «ዘር» እና «ዝርያ» ሁለቱም ዘራ ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው። ጸሐፊዎች ሁለቱን አንዱን በሌላው ምትክ ያገባሉ፤ ስለዚህም «ዝርያ» አንድ ጊዜ ውሻን ከቀበሮ፥ ሌላ ጊዜ የጀርመኑን ውሻ ከእንግሊዙ ለመለየት ይውላል።

ይህ መደባለቅ ጉዳት የሚያስከትለው ስለ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ሲጻፍ ነው። መንጋ ተከትለው ወደ ውርጩ የሚወጡ ውሾች ለቀይ ቀበሮ ሁለት አደጋ ያመጣሉ። አንደኛው የእብድ ውሻ በሽታን የመሰለ ተላላፊ ደዌ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991ና በ1992፥ ኋላም በ2003 የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ሁለተኛው የዘር መቀላቀል ነው። ይኸውም በባሌ በወብ ሸለቆ የታየ ሲሆን፥ ወንድ ውሾች ከሴት ቀይ ቀበሮዎች ጋር ተገናኝተው የተወለዱት ግልገሎች አፋቸው ያጠረ፥ ሰውነታቸውም የደነደነ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ለማስረዳት የተነሣ ተርጓሚ «ቀይ ቀበሮ ከውሻ ጋር ይዳቀላል» ብሎ ቢጽፍ፥ በቦረና ያለ ገበሬ ምን ይረዳል? «የተዳቀለች ላም» ሲባል ብዙ ወተት የምትሰጥ፥ በግብርና ባለሙያ የተመሰገነች ላም መሆኗን ያውቃል። ስለዚህ ማዳቀል ለእርሱ ማሻሻል ነው። «ዲቃላ» እንዳንል ደግሞ ቃሉ በሰው ላይ ስድብ ስለ ሆነ፥ ለሳይንስ ጽሑፍ አይመችም። እኛ የምናቀርበው «መከለስ» የሚለውን ነው። ጠላ ውሃ ሲገባበት ይከለሳል፤ መልኩ ጠላ ሆኖ ይቀራል፥ ኃይሉ ግን ይጠፋል። በቀይ ቀበሮ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው፤ ግልገሉ ይወለዳል፥ ዝርያው ግን ይቀጥናል።

፭. የምናቀርባቸው ፍቾች

ከዚህ በላይ ባየነው መሠረት የሚከተሉትን ፍቾች ለአንባቢያን ሂስ እናቀርባለን።

ዘር፦ (ለለማዳ እንስሳ) በአንድ ዝርያ ውስጥ ሰው መርጦ በማርባት ለይቶ ያወጣው ወገን። ምሳሌ፦ የውሻ ዘር፣ የድመት ዘር።

ዝርያ፦ በተፈጥሮ ከሌላው የተለየ፥ እርስ በርሱ የሚራባ የእንስሳ ወይም የዕፀዋት ወገን። ምሳሌ፦ ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው።

መከለስ፦ (ለዝርያ) ከሌላ ጋር በመቀላቀል የራስን ጠባይ እያጡ መሄድ። ለማሻሻል ታስቦ በሰው ፈቃድ የሚደረገው ግን «ማዳቀል» ይባል።

አቢሲኒያን፦ በእንግሊዝ አገር ተለይቶ የወጣ፥ አጭርና በቀለም የተቈራረጠ ጠጕር ያለው የድመት ዘር። ስሙ ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ዘመቻ ወሬ ጋር የተያያዘ ነው፤ የኢትዮጵያን የቤት ድመት አያመለክትም።

ቀይ ቀበሮ፦ በኢትዮጵያ ደጋ ውርጭ ብቻ የሚኖር፥ በወገኑ ከተኩላና ከውሻ ጋር የሚመደብ፥ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል እያደነ የሚበላ የዱር እንስሳ።

ተርጓሚ የእንስሳ ስም በገጠመው ጊዜ ቃሉ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን፥ ቃሉን የሚሰማው ሰው ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያደርግ ሊጠይቅ ይገባዋል። በድመቲቱ ስም ብንሳሳት የሚጎዳው ታሪክ ነው፤ በቀይ ቀበሮ ስም ብንሳሳት ግን ስሙ በመዝገበ ቃላት ቀርቶ እንስሳው ከደንቆሮ ሊጠፋ ይችላል።