ይጠገን ወይስ በልዋጭ ይሂድ? ፍሪጅ፣ አራዳና የጥገና ታሪካችን

ከኬንያ በሞያሌ በኩል፣ መኝታና ኩሽና ባለው አሮጌ መኪና ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ተጓዦች ሊገጥማቸው የሚችል አንድ ችግር አለ። ቆላ ላይ በጋዝ ደህና ሲሠራ የነበረው የመኪናው ፍሪጅ ደጋ ሲወጡ ይዳከማል፤ አንዳንዴም እሳቱ ጨርሶ ይጠፋል። የመጀመሪያው ሐሳብ "ሞቷል፣ ይለወጥ" ነው። ግን ብዙ ጊዜ አልሞተም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እሳቱ በቂ ኦክስጅን አያገኝም። ማንደጃው ከጥላሸት ሲጠረግ፣ መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ሲቆም፣ ካልሆነም ፍሪጁ በመብራት ሲሰካ ሊነሳ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ ግን ደህናው ዕቃ ይጣላል።

ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ይህንኑ ነው፦ "ይለወጥ" ከማለታችን በፊት የሞተው ምን እንደሆነ የሚነግረን ባለሙያ ያስፈልገናል። ይህን ባለሙያ ያፈሩትን ሰፈሮች ደግሞ እያጣን ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ሞተር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1922 ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው የፈለሰፉት፤ በኋላ ኤሌክትሮሉክስ ለዓለም ገበያ አቀረበው። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ አሞኒያ፣ ውኃና ሃይድሮጅን አለ። ከታች ትንሽ እሳት ሲነድ አሞኒያው ከውኃው ተለይቶ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ሙቀትን ከፍሪጁ ውስጥ ይዞ ይወጣል። መብራት በሌለበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

እኛም አገር ትልቅ ሥራ ሠርቷል። በ1972 ዓ.ም. አገር አቀፍ የክትባት ፕሮግራም ሲጀመር መብራት ያልደረሰበት ገጠር ብዙ ነበር። ክትባት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ የላምባ ፍሪጅ ገባ። ጤና ሠራተኛው ላምባ መሙላት፣ ክሩን ማስተካከል፣ ጥላሸት መጥረግ ነበረበት። ላምባ ሲያልቅ ክትባቱ ይሞቃል፤ እሳቱ ሲበዛ ይበርዳል፣ ሊረጋም ይችላል። ከዓመታት በኋላ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ፍሪጆች ቦታውን መያዝ ጀመሩ።

እዚህ ላይ መለወጡ ትክክል ነበር። ጉድለቱ በአንድ ክፍል ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ነበርና፤ የሚወዛወዝ የላምባ እሳት ቅዝቃዜን በስድስት ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ሁልጊዜ ሊይዝ አይችልም። አንድ መለኪያ እናገኛለን፦ ጥፋቱ የክፍሉ ከሆነ ይጠገናል፤ የአሠራሩ ከሆነ ይለወጣል። በመኪናው ፍሪጅም እንደዚሁ ነው። የአሞኒያ ሽታ ከወጣና ቱቦው ላይ ቢጫ ዱቄት ከታየ ቱቦው ቀዳዳ አለው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የማቀዝቀዣው ክፍል እንዳለ መለወጥ ይሻላል። ጥላሸት ብቻ ከሆነ ግን ብሩሽ ይበቃዋል።

በየቤታችን ያለው ባለ ሞተር ፍሪጅም ይህንኑ ፍርድ ይጠይቃል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ሞተሩ ጋዙ ገና ሳይረጋጋ ለመነሳት ይታገላል፤ እንዲህ እየተደጋገመ ማስነሻው ይቃጠላል። ባለቤቱ "ሞተሩ ሄደ" ይላል፣ ባለሙያው በትንሽ ዕቃ ያስነሳዋል። የበሩ ጎማ ሲላላ ደግሞ ፍሪጁ ያለማቋረጥ ይሠራል፣ ቆጣሪው ይሮጣል። በር መዝጊያው እንጂ ፍሪጁ አላረጀም።

ሙያው ቆሞ የቀረም አይደለም። የኦዞን ንጣፍን ለመታደግ እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመውን የሞንትሪያል ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀበለች። አሮጌዎቹ ፍሪጆች የሚሠሩበት አር 12 የተባለው ጋዝ ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ፤ በቦታው የመጣው አር 134ኤ ሌላ ዓይነት ዘይት ይፈልጋል። ዛሬ በአዳዲሶቹ ውስጥ ያለው አር 600ኤ ደግሞ ተቀጣጣይ ስለሆነ እንደ ድሮው ችቦ ለኩሶ መበየድ አደጋ አለው። ፍሪጅ ሠሪው ይህን ሁሉ እየሠራ መማር ነበረበት።

ከየት ተማረ? የአራዳ ታሪክ እዚህ ይገባል። ከፒያሳ በላይ ያለው ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሰፈሩበት የእጅ ባለሙያዎች ነው። ሠራተኛ በሚናቅበት፣ ብረት ቀጥቃጩ በሚሰደብበት ዘመን ንጉሡ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ጣሊያን መጣ፤ በአምስቱ ዓመት ዋናው የአራዳ ገበያ ወደ መርካቶ ተዛወረ፣ አራዳ "ፒያሳ" የሚል ስም ተረፈው። ወራሪው ተባሮ ሲወጣ የሥራ ቃሎቹ ቀሩ። ዛሬም ጠጋኙ ካቻቪቴና ፒንሳ ይዞ፣ ሞርሳ ላይ አስሮ፣ ላሜራ ይቆርጣል። ከምኒልክ ሠራተኛ እስከ ጣሊያን መሣሪያ፣ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው።

እንዲህ ያለ ሙያ በመቀራረብ ይኖራል። ፍሪጅ ሠሪው ብቻውን አይሠራም፤ በያጅ፣ መለዋወጫ ሻጭ፣ ያገለገለ ዕቃ ነጋዴ፣ ዕቃ የሚሸከም ልጅ ያስፈልገዋል። ሁሉም በእግር በሚደረስበት ቦታ ሲሆኑ ጥገና ይረክሳል። ሲበታተኑ ለአንድ ማስነሻ ሁለት ታክሲ ይያዛል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ይሰለችና ፍሪጁን ለቆራሌው ይሰጠዋል።

በየካቲት 2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የአራዳ መንደሮች ፈረሱ፤ ነዋሪው እንደ ገላን ጉራና ቦሌ አራብሳ ወዳሉ ዳርቻዎች ሄደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አዲስ ፍሪጅ መግዛት ከቀድሞው እጅግ በከበደበት ዓመት፣ አሮጌውን የሚያስነሳው ሰው ከደንበኛው ተለየ።

ሰፈሩ መነካት አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። ብዙው ቤት ያረጀና የተጨናነቀ፣ መጸዳጃውም የጋራ ነበር። በመለኪያችን ብንሄድ ግድግዳውን መለወጥ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ግድግዳው ሲያረጅ ሙያው አላረጀም፤ ጉርብትናውም አላረጀም። ደህናውን ክፍል ከተበላሸው ጋር አብሮ መጣል ጥገና የማያውቅ ሰው ሥራ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ምድር ቤት ለጠጋኞች በአንድ ላይ፣ በሚችሉት ኪራይ ቦታ ይሰጣቸው። ነዋሪው በሰፈረባቸው ዳርቻዎችም የጥገና ሼዶች በአንድ አካባቢ ይሠሩ። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ልጆቹን ወደነዚህ ሠሪዎች ለልምምድ ይላኩ፤ ተቀጣጣዩን ጋዝ በጥንቃቄ መያዝን ደግሞ ለነባሮቹ ያስተምሩ።

እናንተስ? ፍሪጃችሁ የሚቀጥለው ጊዜ ዝም ሲል፣ ለልዋጭ ከመጥራታችሁ በፊት ድሮ የሚሠራላችሁ ሰው አሁን የት እንዳለ ታውቃላችሁ?