የአንጎል ማነቃቂያና የባህርይ ሕክምና ጥምረት ለአዋቂዎች ቲክ

ቲክ ሳይታሰብ ድንገት እየመጣ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው፦ ዓይን ማርገብገብ፣ ትከሻ መስበቅ፣ ጉሮሮ መጥረግ። ከቲክ ሕመሞች በስም የሚታወቀው ቱሬት ሲንድሮም ሲሆን፣ መጠሪያውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ዘጠኝ ሕሙማን ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ከዢል ደ ላ ቱሬት ነው። ቲክ በልጅነት ይጀምራል፤ ብዙዎችን ከጉርምስና በኋላ ይለቃቸዋል ወይም ይቀልላቸዋል። አንዳንዶችን ግን እስከ ሥራ፣ እስከ ትዳር ይከተላቸዋል።

አዋቂ ሕመምተኞች ከቲኩ በፊት የሚቆጠቁጥ ወይም የሚወጥር ስሜት እንደሚመጣባቸው ይናገራሉ። ናታን አዝሪንና ባልደረባው ነን በ1973 ያስተዋወቁት ልማድን የመቀልበስ ሥልጠና የሚጀምረው ከዚህ ስሜት ነው። አንገቱን የሚወረውር ሰው ግፊቱ ሲመጣበት አገጩን በቀስታ ወደ ታች ይሰበስባል፤ የአንገቱን ጡንቻ አጥብቆ ፊት ለፊት እያየ፣ ለአንድ ደቂቃ ወይም ግፊቱ እስኪበርድ ድረስ ይቆያል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው እንኳ ልብ ላይለው ይችላል። በ2012 በታተመ ጥናት፣ ከ16 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 122 ሰዎች መካከል በዚህ ዘዴ ከታከሙት 38 በመቶው፣ ድጋፍና ምክር ብቻ ካገኙት ደግሞ 6 በመቶው በግልጽ ተሻላቸው። ቀላል ውጤት አይደለም፤ ሆኖም ከግማሽ በላዩ ያሰበውን አላገኘም።

የማነቃቂያው ሐሳብ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በ1985 በሼፊልድ ያሳዩት መሣሪያ፣ ራስ ላይ ከሚያርፍ የሽቦ ጥቅል በሚወጣ መግነጢሳዊ ምት የራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን ይነካል። ባለሙያው የምቱን ኃይል የሚመጥነው የታካሚው አውራ ጣት ብድግ ሲል አይቶ ነው። ከዚያ ጥቅሉን እንቅስቃሴን ወደሚያሰናዳው የአንጎል መካከለኛ መስመር ይወስደዋል፤ በሰከንድ አንዴ የሚመታ ዝግ ያለ ምት የቦታውን ንቃት ያበርዳል ተብሎ ይታሰባል። ብቻውን ግን አላመረቃም፦ በ2015 በታተመ የ20 አዋቂዎች ሙከራ፣ እውነተኛው ምት ከማስመሰያው ጉልህ ልዩነት አላሳየም።

ጥምረቱ ታዲያ የተለየ ነገር ይጠይቃል፤ ምቱ ቲኩን ማጥፋት አይጠበቅበትም፣ ሥልጠናው የሚገባበትን በር ቢከፍት ይበቃል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የክሪስቲን ኮኔሊያ ቡድን ሁለቱን አጣምሮ የሞከረው ከ12 እስከ 21 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ ስለሆነ፣ ውጤቱን እንዳለ ለአርባ ዓመት ሰው መስጠት ችኮላ ይሆናል። ሙከራውን ማዋቀሩም አድካሚ ነው፤ ሥልጠናውን ሁሉም ወስደው ምቱ ለከፊሎቹ ማስመሰያ መሆን አለበት፣ ማስመሰያውም ያንኑ የጠቅታ ድምፅ ማሰማት ይኖርበታል። በራሱ ውስጥ ብረት ያለበት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው አይመዘገብም።