ከኮታ እስከ ዲቪ፦ የእህታችን ልጅ በየትኛው በር ትገባለች?

በየወሩ ስንሰበሰብ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «የእህቴን ልጅ እንዴት ላምጣት?» የሚል። መልሱ ብዙውን ጊዜ አጭርና መራራ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ነገሩ ከየት እንደመጣ ልናወጋችሁ ወደድን። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

አሜሪካ በ1924 ባወጣችው የኮታ ሕግ ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ሕጉ የታሰበው የሰሜንና የምዕራብ አውሮፓን ሰው ለማብዛት ስለነበር እኛ ከቁጥር አልገባንም። ኮታውን የሻረውን የ1965 ሕግ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት በነጻነት ሐውልት ሥር ነው። ዛሬ «የቤተሰብ ፕሮሰስ» የምንለው መሠረቱ ይኸው ሕግ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ከአገራችን የሚመጣው በአብዛኛው ተምሮ ሊመለስ ያሰበ ተማሪ ነበር፤ በ1974 አብዮቱ ሲፈነዳ ብዙው እዚሁ ቀረ። በደርግ ዘመን የመውጫ ቪዛ ማግኘት ጭንቅ ስለነበር የሱዳንን ድንበር በእግሩ ያቋረጠውም ጥቂት አይደለም። ለእነዚህ በሩን የከፈተው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1980 የፈረሙት የስደተኞች ሕግ ነው። ከአንጋፋ አባሎቻችን አንዳንዶቹ የገቡት በዚሁ ነው።

እነርሱ ዜግነት ሲያገኙ ዘመድ መጥራት ጀመሩ። የእኛና የሕጉ ቋንቋ የማይገናኙት እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ የእህት ልጅ ልጅ ናት። ሕጉ ግን ዜጋ እንዲጠራ የሚፈቅደው የትዳር ጓደኛን፣ ልጅን፣ ወላጅን፣ ወንድምንና እህትን ነው፤ አክስትን አያውቃትም። ስለዚህ አክስት እናቲቱን ትጠራለች፤ ልጂቱም ካላገባችና 21 ዓመት ካልሞላት እናቷን ተከትላ ትመጣለች። የእህትና የወንድም ተራ ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ያስጠብቃል። በ2002 የወጣው ሕግ ማመልከቻው ሲመረመር የቆየበትን ጊዜ ከልጂቱ ዕድሜ ላይ ይቀንስላታል፤ ተራ በመጠበቅ የነጎደውን ግን አይቀንስም። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች በወላጃቸው የቀድሞ ተራ መቀጠል እንደማይችሉ ወሰነ።

ዲቪ የመጣው በሌላ በኩል ነው፤ ለእኛም ተብሎ አልነበረም። በ1980ዎቹ ወረቀት ሳይኖራቸው በአሜሪካ የተቀመጡ የአየርላንድ ወጣቶች ብዙ ነበሩ፤ የሚጠራቸው የቅርብ ዘመድ አልነበራቸውም። ለእነርሱ የቆሙ የምክር ቤት አባላት በ1986 ጊዜያዊ ፕሮግራም አስፈቀዱ፤ በ1990 ደግሞ ቋሚው ሕግ ወጣ። በ1995 ሥራ ላይ ሲውል የተጠቀመበት ግን ከአየርላንድ ይልቅ አፍሪካ ሆነ፤ ኢትዮጵያውያንም ከፊተኞቹ መካከል ነን። ሕጉ በዓመት 55,000 ቪዛ መደበ፤ ኋላ ላይ ጥቂት ተቀነሰለት። 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቀች ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ሁለት ዓመት የሠራች ልትሞላ ትችላለች። «ዲቪ ደረሳት» ሲባል እልል እንላለን እንጂ ዕጣ የሚወጣላቸው ሰዎች ከቪዛው እጅግ ይበዛሉ። መስከረም 30 በአውሮፓውያኑ ቀን ቪዛው እጇ ካልገባ ዕጣው ያበቃል።

ይህ ዕጣ ትዳራችንንም ነክቶታል። ዲቪ ለደረሰው ወንድ ልጁን ለመዳር የቸኮለ ቤተሰብ ሁላችንም እናውቃለን። ከተሞላ በኋላ መጋባት ባይከለከልም ቆንስሉ በጥርጣሬ ያየዋል፤ ሲሞላ የነበረን ባል ወይም ልጅ መደበቅ ግን ዕጣውን ያሰርዛል።

አንዲት አባላችን እህቷን ጠርታ ከ10 ዓመት በላይ ጠበቀች። ተራው ሲደርስ ሁለቱ ትንንሾች ከእናታቸው ጋር መጡ፤ ታላቂቱ 21 አልፏት አዲስ አበባ ቀረች። ከለጋሾቻችን ባገኘነው ገንዘብ የሕግ ምክር ስንጠይቅላት አንድ በር እንዳለ ተነገረን፤ ግሪን ካርድ ያላት እናት ከ21 በላይ የሆነች፣ ያላገባች ልጇን መጥራት ትችላለች። ተራው ግን ዓመታት ይፈጃል፤ እናትየው ዜግነት ሳታገኝ ልጂቱ ካገባች ማመልከቻው ይወድቃል። ልጂቱ ታጭታለች። እጮኛዋ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ባለፈው ወር ጠየቀችን፤ እኛም እናቷ ለዜግነት ማመልከት የምትችልበትን ቀን ቆጥረን ነገርናት።