የባልዲው አደራ

ሰው አንድን ነገር የሚደብቀው ብዙውን ጊዜ እንዳይገኝበት ነው። ወርቁን የሚቀብረውም፣ ደብዳቤውን ከፍራሽ ሥር የሚሸሽገውም የሚመኙት አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ዓይን እንዳያየው። በልጅነታችን ድብብቆሽ ስንጫወት ግን መደበቅ ሌላ ትርጉም ነበረው። ፈላጊው ቶሎ ሲያገኘን እንናደዳለን፤ ጨርሶ ረስቶን ወደ ቤቱ ከገባ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ እናዝናለን። የጨዋታው ደስታ በመጨረሻ በመገኘት ነበርና።

እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2000፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 25 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ዴቭ አልመር የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ይህን የልጅነት ጨዋታ በጎልማሳነቱ ደገመው። በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ ከምትባል አነስተኛ መንደር አጠገብ ጥቁር ባልዲ ይዞ ወደ ጫካ ገባ። ባልዲውን ከፊሉን አፈር ውስጥ ቀበረው። በውስጡ መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ፊልም፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ጥቂት ገንዘብ፣ አንድ ወንጭፍና በጣሳ የታሸገ የጥራጥሬ ምግብ ነበረበት። ከእነዚህም ጋር ደብተርና እርሳስ አኖረ። ከዚያም ቦታውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ለክቶ ለማያውቃቸው ሰዎች በኢንተርኔት አስታወቀ። ያስቀመጠው ደንብ አጭር ነበር፤ አንድ ነገር ውሰዱ፣ አንድ ነገር ተኩ፣ መምጣታችሁንም ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ ጂኦካሺንግ እየተባለ የሚጠራው ጨዋታ የተወለደው በዚያ ባልዲ ነው። ባልዲው ለምን በዚያች ቀን እንደተቀበረ ለመረዳት ግን ከጫካው ወጥተን ወደ ሰማይ ማየት፣ ከጨዋታው ወጥተንም ወደ ጦርነት ታሪክ መግባት ይኖርብናል።

የሰማይ ሰዓቶች

ጂፒኤስ የሚባለው መሣሪያ የአሜሪካ ጦር ኃይል ልጅ ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት የተወነጨፈው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ተደራጅቶ ሥራ መጀመሩ የታወጀው በ1995 ነው። ሃያ አራትና ከዚያ በላይ የሚሆኑ ሳተላይቶች ከመሬት 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት የረቀቀ የአቶሚክ ሰዓት ተሸክሟል። የሚናገረውም ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ ያለሁት እዚህ ነው፣ ሰዓቱም ይህን ያህል ነው» ይላል። መሬት ላይ ያለው መቀበያ የአራት ሳተላይቶችን ቃል ሰምቶ፣ እያንዳንዱ መልእክት ምን ያህል እንደዘገየ አስልቶ፣ የቆመበትን ነጥብ ያውቃል። መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት፣ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ሰዓቱ ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢስት ርቀቱ 300 ሜትር ይስታል።

ይህ መሣሪያ ለሰላማዊ ሰው እንዲሰጥ በር የከፈተው አንድ ከባድ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 ከኒው ዮርክ ተነሥቶ በአላስካ በኩል ወደ ሴኡል ይበር የነበረ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መንገዱን ስቶ የሶቪየት ኅብረት አየር ክልል ገባ። የሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላን ተኩሶ ጣለው። 269 ሰዎች አለቁ። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በዚያው ወር ጂፒኤስ ሥራውን ሲጀምር ለሲቪል አገልግሎትም ያለክፍያ እንደሚቀርብ አስታወቁ።

ስጦታው ግን ምርኩዝ ሰጥቶ ጫፉን እንደመሸረፍ ያለ ነበር። ጠላት ሚሳይሉን እንዳያነጣጥርበት ተብሎ፣ ለሲቪሉ በሚላከው ምልክት ላይ ሆን ተብሎ ስህተት ይጨመርበት ነበር። በዚህም የተነሣ መቀበያው እስከ መቶ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። መርካቶ ውስጥ መቶ ሜትር መሳሳት ማለት ሸማ ተራን ፈልጎ ሌላ ተራ መግባት ማለት ነው። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የወታደራዊ መቀበያ እጥረት ስለነበረ የአሜሪካ ወታደሮች ራሳቸው ለሲቪል የተሠራውን ይዘው ዘመቱ፤ ስለሆነም ለሌላው የተዘጋጀው ስህተት ለጊዜው እንዲነሣ ተደረገ። በረሃው ውስጥ የራሳቸው ሠራዊት ይጠፋ ነበርና!

ስህተቱ ለዘለቄታው የተነሣው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2000 ባወጡት መግለጫ ነው። ዋሽንግተን ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን ከጧቱ 1 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በዓለም ላይ የነበረ የሲቪል መቀበያ ሁሉ ማንም ሳይነካው ዐሥር እጥፍ ያህል ትክክለኛ ሆነ። መሣሪያው ያው ነው፤ ሰማይ ላይ ያለው ሰዓት ግን መዋሸቱን ተወ።

አልመር ባልዲውን የቀበረው በማግስቱ ነው። ሐሳቡም አዲሱን ትክክለኛነት መፈተን ነበር። እውነት ቁጥሩ ትክክል ከሆነ፣ አንድ የማያውቀው ሰው በቁጥር ብቻ ተመርቶ ጫካ ውስጥ ያለውን ባልዲ ማግኘት አለበት።

አገኙትም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማይክ ቲግ የሚባል ሰው ቀድሞ ደረሰና ስሙን በደብተሩ አሰፈረ። ሌሎችም በየአካባቢያቸው መደበቅ ጀመሩ። ቲግ የተደበቁትን ቦታዎች ዝርዝር እየሰበሰበ ያወጣ ነበር። ያን ጊዜ የተሰጠው የእንግሊዝኛ ስም ከአደገኛ ዕፅ ሽሸጋ ጋር የሚያያዝ አንድምታ ስለነበረው፣ ማት ስተም የተባለ ተሳታፊ በዚያው ወር መጨረሻ ላይ «ጂኦካሺንግ» የሚለውን ስም አመጣ። «ጂኦ» ምድር ነው፤ «ካሽ» ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጣ፣ የተደበቀ ስንቅ ወይም ዕቃ ማለት ነው። ከገንዘቡ «ካሽ» ጋር ዝምድና የለውም። ጀረሚ አይሪሽ የተባለ የሲያትል ነዋሪ በሴፕቴምበር 2 ቀን 2000 የጨዋታውን ዋና መዝገብ በኢንተርኔት ሲከፍት የታወቁት ድብቅ ሣጥኖች 75 ነበሩ። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል፤ አንታርክቲካ እንኳ አልቀረችም።

ከሳተላይት በፊት

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ የሳተላይት ውለታ ነው ብንል እንሳሳታለን። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዳርትሙር የሚባል ነፋሻና ረግረጋማ ደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1854 ጄምስ ፔሮት የተባለ የመንገድ መሪ፣ ክራንሚር ፑል በሚባለው ለመድረስ አስቸጋሪ በሆነ ስፍራ አንድ ጠርሙስ አኖረ። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ተጉዞ የደረሰ እንግዳ የስም ካርዱን እዚያ ትቶ እንዲሄድ ነው። ቆይቶም መንገደኞች አድራሻ የተጻፈበት ፖስት ካርድ መተው ጀመሩ፤ ቀጥሎ የሚመጣው እንግዳ አንሥቶ ፖስታ ቤት ያደርስላቸዋል። ልብ በሉ! ሰውየው ደብዳቤውን የሚሰጠው ለፖስተኛ ሳይሆን ለማያውቀው፣ ገና ላልመጣ፣ ምናልባትም ለወራት ለማይመጣ ሰው ነው።

ለዚህ ነገር አማርኛችን አንድ ጥሩ ቃል አለው፤ አደራ። ሽማግሌዎቻችን «የሰማይ አደራ፣ የምድር አደራ» የሚሉት አደራ ተቀባዩ ፊት ለፊት ቆሞ ሲታይ ነው። የዳርትሙሩ ጠርሙስና የኦሪገኑ ባልዲ ግን ፊቱ ላልታየ ሰው የተሰጡ አደራዎች ናቸው። ባልዲውን ያገኘ ሰው ገንዘቡንም ፊልሙንም ጠራርጎ ቢወስድ ማን ያየዋል? ማን ይከሰዋል? ጨዋታው ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የኖረው ሳተላይቱ ስላልተሳሳተ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ሰው ሣጥኑን እንዳገኘው ስለመለሰ ነው።

እርግጥ ሁሉም በሰላም አልሄደም። አንዱ የሚያውቀው ምስጢር ለሌላው ሥጋት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ አገር ዌዘርቢ በምትባል ከተማ አንድ ሰው መንገድ ዳር አጎንብሶ ትንሽ ሣጥን ሲደብቅ ታየ። ቦምብ ነው ተብሎ መንገዱ ተዘጋ፣ የፈንጂ ባለሙያዎች ተጠርተው ሣጥኑን አፈነዱት። በውስጡ የነበረው የጨዋታ ዕቃ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮችም የተፈጥሮ ሀብት እንዳይጎዳ በመስጋት በክልላቸው ሣጥን መደበቅን ገና ከጧቱ ተቃውመዋል። ከዚህ ሁሉ ትምህርት ተወስዶ ዛሬ የጨዋታው ደንብ ጠብቋል። እንደ መጀመሪያው ባልዲ አፈር ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው። የቦታው ባለቤት ሳይፈቅድ ማስቀመጥ አይቻልም። ምግብም ሆነ የጦር መሣሪያ አይገባበትም። የአልመር የራሱ ባልዲ ዛሬ ለመዝገብ ቢቀርብ በጥራጥሬው ጣሳ ብቻ ይወድቅ ነበር! እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ደግሞ ሣጥን ጭራሽ የሌለበት ዓይነት ተጨምሯል። ፈላጊው ቦታው ላይ ደርሶ ዐለቱን ወይም ፏፏቴውን ተመልክቶ፣ ስለ አፈጣጠሩ የተጠየቀውን ይመልሳል።

መጀመር ለሚፈልግ

ይህን አንብቦ ለመሞከር የሚነሣ ሰው ዛሬ የተለየ መቀበያ መግዛት አያስፈልገውም። በኪሱ ያለው ስልክ ይበቃዋል። በጨዋታው መዝገብ ላይ ያለክፍያ ስሙን ያስመዘግብና በአካባቢው ያለውን በካርታ ይመለከታል። እያንዳንዱ ሣጥን ሁለት መለኪያ አለው፤ አንዱ የአፈላለጉን፣ ሌላው የመንገዱን አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5 ይናገራል። ጀማሪ በሁለቱም 1 ከሆነው፣ መጠኑም አነስተኛ ካልሆነው ይጀምር። ከሰሞኑ የተገኘ መሆኑንም አስቀድሞ ይይ፤ የሌለ ነገር መፈለግ ልብ ያወልቃል። እስክሪብቶ መያዝ አይርሳ፤ ብዙዎቹ ሣጥኖች ወረቀት እንጂ እስክሪብቶ አይችሉም።

ቦታው ሲደርስ ስልኩ ጥቂት ሜትሮች ወዲያና ወዲህ እያለ ያምታታዋል። ያን ጊዜ ስልኩን ኪሱ ከትቶ በዓይኑ ይፈልግ። «እኔ ብሆን የት እደብቅ ነበር?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ሳተላይቱ ዛፉ ድረስ ያደርሳል፤ ከዛፉ ሥር ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚያነሣው ግን ሰው ነው። ሲያገኝ ስሙንና ቀኑን ይጻፍ፤ ዕቃ ከወሰደ ዋጋው የማያንስ ይተካ፤ ከዚያም እንዳገኘው ይመልስ። ልብ ይበል፦ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የጦር ሰፈር፣ ኤምባሲና የመሳሰለው አጠገብ ቁጥቋጦ ሥር ማንጎዳጎድ በየትኛውም አገር ጨዋታ አይደለም። ጠያቂ ሲመጣም ከመደናገጥ እውነቱን መናገር ይሻላል።

የአልመር ባልዲ ዛሬ በቦታው የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የጨዋታው ወዳጆች ለመታሰቢያ ጽሑፍ የተቀረጸበት ሰሌዳ አኑረውበታል። ያ የጥራጥሬ ጣሳ ግን ኋላ ተገኝቶ ተጫዋቾች እንደ ቅርስ ያዩታል። አሜሪካም በ2007 ወደፊት የሚሠሩት ሳተላይቶች ያን ስህተት መጨመር የሚችሉበት መሣሪያ እንደማይኖራቸው አስታውቃለች። ሩሲያ፣ አውሮፓና ቻይናም የየራሳቸውን ሳተላይቶች አሰማርተዋል።

ዛሬ ያ ሰማይ ላይ ያለው ሰዓት ስልካችን ውስጥ ሆኖ የቆምንበትን ነጥብ በሜትሮች ልዩነት ይነግረናል። አጠገባችን የቆመው ሰው ማን እንደሆነ፣ ሊታመን ይችል እንደሆነ ግን አይነግረንም። እሱን የሚነግረን ሣጥኑ ውስጥ ያለው ደብተር ነው። የማንተዋወቅ ሰዎች በየተራ መጥተን፣ ስማችንን ጽፈን፣ ክዳኑን ገጥመን፣ ለሚቀጥለው ትተንለት እንደሄድን ይመሰክራል።